ግንበኛው አባቴ ኮሚሽነር ሊሆን ሲል

አባቴን በኅብረት ሱቁ መስኮት ላይ ተለጥፎ ያየሁት ቀን አላወቅሁትም። መጀመሪያ ያየሁት ክራባቱን ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ቀጥሎ ጆሮዎቹን አየሁ። እናቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ምን ያስፈጥጥሻል? አባትሽ እኮ ነው» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ፊቱ ንጹሕ ነበር። እኔ የማውቀው አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ነጭ፣ አንገቱ ግራጫ ሆኖ፣ ሲስቅ ብቻ ዓይኑ ዳር ላይ ቆዳው ብቅ የሚል ሰው ነው። የሰው አባት ሁሉ ማታ ማታ ዱቄት ለብሶ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ወደ ቀብር ሊሄድ የተሰናዳ ይመስላል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «አርቮ ካሊዮ፣ ለሥራዎች ኮሚሽነር» ይላል። ጭራሽ ደስ አላለኝም። እናቴን በቀሚሷ ጎትቼ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ክራባቱ የጎረቤታችን የታውኖ እንደነበረ፣ አባቴም ፎቶው ላይ ከንፈሩን እንዲያ የገጠመው ሳል እንዳያመልጠው እንደነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከተማችን ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ በሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ ላይ ናት። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አላት። ላይ ሰፈር ባለ ሱቆቹ፣ ሐኪሞቹና ዳኛው ይኖራሉ። ታች ሰፈር፣ የብረት ማዕድን ከሚጫንበት ወደብ አጠገብ፣ እኛ ፊንላንዳውያኑ ነን። የሥራዎች ኮሚሽነር ማለት የከተማውን መንገድ፣ የውሃ ቧንቧና የበረዶ ጠረጋ የሚያዝ፣ ማዘጋጃ ቤት ቢሮ ያለው፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። ከታች ሰፈር ለዚያ ወንበር የታጨ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አባቴ ግንበኛ ነበር። የከተማው ግማሽ የጭስ ማውጫ የእሱ እጅ ነው። እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ለምን እንደታጨም ከጠየቃችሁኝ መልሴ ዝግጁ ነበር፦ አክስቴ ኢምፒ ስላዘዘችው።

አክስቴ ኢምፒ የአባቴ ታላቅ እህት ነች። ለእንጨት ቆራጮች ማደሪያ ቤት ታስተዳድር ስለነበር ሰው ማዘዝ ለምዶባታል። በዚያ መኸር ማታ ማታ እየመጣች አባቴን ወጥ ቤታችን ውስጥ አቁማ፣ የላይ ሰፈሩን ተወዳዳሪ ፔንሮዝን እንዲያሸንፍ ታሠለጥነው ነበር።

«በል እስቲ፣ እኔ አሁን የቤቱ ባለቤት ነኝ። አንኳኳህ። ከፈትኩልህ። ምን ትላለህ?»

አባቴ አሰበ። «ደህና ዋላችሁ።»

«እሺ። ቀጥል።»

«ጨረስኩ እኮ።»

«እንዴት ነው የጨረስከው! "ከፔንሮዝ እኔ እሻላለሁ፤ ምረጡኝ" በላ!»

«እሱን ሌላ ሰው ይበለው።»

«ሌላ ሰው ማን?»

«የሚያምንበት ሰው።»

«አንተ አታምንበትም?»

አባቴ የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን አየ። «ባምንበትስ? በገዛ አፌ?»

እናቴ ከምድጃው ዞር ብላ ሳቋን ዋጠች። ኢምፒ ግን አልሳቀችም። «ሄልቪ፣ አትሳቂ። ባልሽ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ ዝም ሊል ነው።»

የኛ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ እኔ ራሴ ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ እስካሁን ያናድዱኛል። ዳቦዋ ያማረላት ሴት «ትንሽ አረረብኝ» ትላለች። ቤቱን በገዛ እጁ የሠራ ሰው «ዝናብ ይከለክላል» ይላል። አባቴን ራቁቱን መንገድ ላይ ከማቆም «ምረጡኝ» ማስባል ይከብዳል። ራቁትነቱንማ ለምደነዋል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጓሯችን ባለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው፣ ራቁታችንን ነው የምንታጠበው።

ሲዞር እኔን ይዞኝ ይሄድ ነበር። በእኔ የሚኮራ መስሎኝ የአንድ እጄን ጓንት ኪሱ ውስጥ ከትቼ፣ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። እናቴ የላከችኝ ድንገት ቢወድቅ ሮጬ እንድነግራት ነበር። ያን ጊዜ ግን ያዘዘችኝ «ከአባትሽ አትለዪ፣ ቢደክመው ነይና ንገሪኝ» ብላ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ የሚደክመው ሰው አልነበረም፤ ዳገቱ ላይ ቆም ቆም የሚለው የሰው ጣራ ለማየት እንጂ።

በየደጁ መጀመሪያ ያስላል። ለረጅም ጊዜ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ከዚያ ያንኳኳል። እኔ ሳሉ የመምጣቱ ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሲገቡ ጉሮሯቸውን እንደሚጠርጉት። ቤት ስጫወትም አሻንጉሊቶቼ ደጅ ላይ እንዲያው እያሳልኩ አንኳኳ ነበር፤ እናቴ አንድ ቀን ሰምታኝ ከክፍሉ ወጣች።

የወይዘሮ ኒሉንድን ደጅ አልረሳውም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ጥርሳቸው ሳይሆን ዓይናቸው የሚስቅ አሮጊት ነበሩ።

«አርቮ! ምን እግር ጣለህ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ምርጫ ምናምን ይላሉ።»

«ይላሉ።»

«ታዲያ አንተን ልምረጥ?»

አባቴ ቀና ብሎ ጣራቸውን አየ፤ ዝቅ ብሎ ጫማውን አየ። «ፔንሮዝም ደህና ሰው ነው» አለ። ከዚያም የጭስ ማውጫቸው ወደ ሰሜን ትንሽ እንዳዘነበለ ነገራቸው፤ በነጋታውም ቱንቢውን ይዞ ሄዶ አቃናላቸው።

ማታ ኢምፒ አባቴን ሳይሆን እኔን ጠየቀችኝ። የሰማሁትን ነገርኳት። እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ እንዲህ ሲል ስትሰሚው እግሩን ርገጪልኝ!» አለችኝ። የምሯን መስሎኝ በሚቀጥለው ደጅ ረገጥኩት፤ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ሲሆን ዓለሙ ሁሉ ይለሰልሳል። ከሰዓት በኋላ ከየጓሮው የሳውናው ጭስ ይነሣል፣ ከሐይቁ ጉም ይመጣል፣ ሁለቱ ሰፈራችን ላይ ይደባለቁና የማን ቤት የት እንደሆነ አይለይም። ሴቶችና ልጆች ቀድመን እንገባለን። እኔ ታችኛው ሳንቃ ላይ፣ ሙቀቱ ለስለስ የሚልበት ቦታ፣ ጉንጬን እርጥብ እንጨት ላይ አስደግፌ እተኛለሁ። ከላይ የእናቴና የኢምፒ እግሮች ብቻ ይታዩኛል። ድምፃቸው ከእንፋሎቱ ውስጥ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቃል ይደርሰኛል፣ አንዳንዱ ጣራው ጋ ይቀራል።

«እሺ፣ ዶክተሩ ምን አለ?» ኢምፒ ነች።

«ሳንባው ድንጋይ እየሆነ ነው አለ።»

«ድንጋይ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት የማገው የጡብ ብናኝ እዚያው ተጋግሮ ቀርቷል። መድኃኒት የለውም። ብናኝ ካልነካ ልጁን አድርሶ ይድራል። ከነካ ግን...»

እናቴ ውሃ አንሥታ የጋለው ድንጋይ ላይ ቸለሰች። ድንጋዩ ጮኸ። ቀሪው አልተሰማኝም።

ለመስማትም አልፈለግሁም፤ የሰማሁት በቂ ነበር። የአባቴ ደረት ውስጥ ድንጋይ አለ! እንደኛ ሳውና ምድጃ፣ ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ፣ ከሥሩ እሳት፣ ከላዩ ጉሮሮው የጭስ ማውጫ። ለካ ለዚህ ነው ክረምት እላዩ ላይ ስተኛ የሚሞቀኝ። ለካ ለዚህ ነው ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚለው። ዓይኔን ጨፍኜ አባቴን ከውስጥ አየሁት፦ ቤት ነው፤ መስኮቱ ቢጫ ብርሃን ያለው፣ ውጭ በረዶ እየጣለ ውስጡ የማይበርድ። በዚያ ማታ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ ድንጋዮቹን አዳመጥኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ የእሷ አባት ደረት ውስጥ ምንም ስላልነበረ ቀናችብኝ።

ግን እዚያው ሳውና ውስጥ ሌላም ነገር ሰምቻለሁ።

«ለዚህ እኮ ነው የምለፋው» አለች ኢምፒ። «ወደብ ቢገባ ብናኝ፣ ማዕድን ቢገባ ብናኝ። ቢሮ ውስጥ ግን ወረቀት ነው። ወረቀት ሳንባ አይገባም።»

«ካሸነፈስ?»

«ካሸነፈማ ማዘጋጃ ቤቱ ይወስደዋል! ከዚህ ሁሉ አቧራ ይገላገላል።»

«አምላኬ፣ በወሰደውና በገላገለኝ» አለች እናቴ፤ ሳቀችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት ሳቋ ነበር።

እኔ ሳንቃው ላይ እንዳለሁ ሙቀቱ ጠፋኝ። ማዘጋጃ ቤቱን አውቀዋለሁ። ቀይ ነው፣ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ሰዓት አለበት። አባቴን ሊወስደው ነው፤ እናቴም ተስማምታለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰዓቱን ባየሁ ቁጥር ከመስታወቱ ጀርባ ያ የታጠበው፣ ባለ ነጠብጣብ ክራባቱ ሰውዬ ቆሞ ወደ ታች ሲያየን ይታየኝ ነበር። አያውቀንም። እናቴን አያውቃትም፣ እኔን አያውቀኝም፤ ጓንቴ ኪሱ ውስጥ ቀርቷል። ማታ ስጸልይ ለሁሉም ሰው ጤና ከለመንኩ በኋላ ሚስተር ፔንሮዝ እንዲያሸንፉ እለምን ነበር።

ሚስተር ፔንሮዝ ላይ ሰፈር የቤት ዕቃ ሱቅ አላቸው። ወፍራም፣ ቀይ፣ ሰው ሲያዩ ፊታቸው የሚበራ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደጋግሜ የምለው አንዳንዴ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ስለነበር ነው።

ከምርጫው በፊት በነበረው ቅዳሜ እሳቸውም በተራቸው በታች ሰፈር ሲዞሩ የኛን በር አንኳኩ። የማን ቤት እንደሆነ አላወቁም። አባቴ ሲከፍትላቸው ሁለቱም ኮፍያቸውን አወለቁና ቆሙ። ቅዳሜ ከሰዓት ደጅህ የመጣን ሰው ሳትጋብዝ መመለስ በኛ ዘንድ አይታሰብም፤ ተቀናቃኝህም ቢሆን።

«ሳውናው ሞቋል» አለ አባቴ።

«ምን?» አሉ ሚስተር ፔንሮዝ።

ኢምፒ ከወጥ ቤት «አርቮ፣ አበድክ?» ብላ በኛ ቋንቋ ጮኸች። ሰውየው ምስጋና መስሏቸው አንገታቸውን ነቀነቁላት።

እኔ ታጥቤ፣ ፀጉሬ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ልብስ ማውለቂያዋ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተኝቼ ነበር። ከበሩ ጀርባ ድንጋዩ ይጮሃል፤ ሚስተር ፔንሮዝም ይጮሃሉ።

«በስመ አብ! አርቮ፣ ልትቀቅለኝ ነው?»

«ታች ይውረዱ፤ ታች ይሻላል።»

«ታች ነው እኮ ያለሁት!»

 እንፋሎት ውስጥ ሰው መጨረሻ ላይ ዝም ይላል። ቆይተው ፎጣ አገልድመው ወጥተው ከደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ በረዶ እየጣለባቸው ከትከሻቸው ላይ ጭስ ይነሣል፤ አሁን ከድስት የወጡ ሁለት ድንች ይመስላሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከእንቅልፍ ጋር እየታገልኩ አያቸዋለሁ።

«እውነቱን ልንገርህ አርቮ?» አሉ ሚስተር ፔንሮዝ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ለስልሷል። «ይህን ሥራ ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ የምታውቀው። እኔ ራሴ አንተን ነው የምመርጥህ። ሙት!»

አባቴ በረዶው ጉልበቱ ላይ ወድቆ ሲቀልጥ አየው። ከዚያ «እንግዲያው እኔም እርስዎን» አለ።

ሚስተር ፔንሮዝ ከልባቸው ሳቁ፤ እርጥብ ጀርባውን ቸብ አደረጉት። አባቴ አልሳቀም።

በእሳቸው ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር «እንደምን ዋልክ» እንደ ማለት ነው፤ ሰው ደስ ሲለው ይለዋል፣ ነፋስም ይወስደዋል። በኛ ዘንድ ሳውና ደጃፍ ላይ የተባለ ነገር ምስክር አይፈልግም፤ ራቁቱን የሚዋሽ ሰው የለም። ከሁለቱም ጋር ስኖር ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አባቴ ያን ያህል ጊዜ አልነበረውም። እኔ በበኩሌ ልጆች ብይ እንደሚለዋወጡት ድምፃቸውን የተለዋወጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። ነገሩ አለቀ፣ ማንም የትም አይሄድም አልኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።

የምርጫው ቀን ጠዋት አባቴና እናቴ ቁርስ ላይ በዝቅተኛ ድምፅ ተጣሉ። በቤታችን ጠብ ስለማይታወቅ፣ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው መሰለኝ።

«ሰውየው ቀልዶ ነው፣ አርቮ!»

«ሳውና ደጃፍ ላይ?»

«ቀልዶ ነው እልሃለሁ! ሳንባህስ? እኛስ?»

«እኔስ የገዛ ስሜ ላይ እንዴት ምልክት ላድርግ? ባልለውም ኖሮ አልችልበትም ነበር። ደግሞ አንድ ድምፅ ነው ሄልቪ፤ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?»

እናቴ ሳህኑን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ክራባቱን ግን ራሷ አሰረችለት። ሲወጣ ኮቱ ላይ የቀረች የጡብ ብናኝ አይታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት፤ እጇን እዚያው ደረቱ ላይ ትንሽ አቆየችው።

በዚያ ቀን ታች ሰፈር ሙሉ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችና የሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ሰዎች፣ ለዓመታት ሰላምታ የማይለዋወጡት፣ በአንድ ሰልፍ በረዶ ላይ ቆሙ። ኢምፒ እንጨት ቆራጮቿን በመስመር ነድታ አመጣቻቸው። ወይዘሮ ኒሉንድን ታውኖ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ጎትቶ አደረሳቸው። ማታ ቆጠሩ፤ በነጋታው ደግመው ቆጠሩ። እኩል ለእኩል ሆነ። ሕጉ እንደሚለው በዕጣ ይለያል ተባለ።

የዕጣው ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ሁላችንም ነበርን፤ ኢምፒ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ እናቴ ጓንቷን በእጇ እየጠመዘዘች። እኔ የማየው ወደ ሰዓቱ ማማ የሚወጣውን ደረጃ ነው። ሊወስዱት ከሆነ በዚያ በኩል ነው፤ እግሩን አቅፌ እይዛለሁ ብዬ ወስኜ ነበር።

የከተማው ጸሐፊ፣ ረጅም ሽማግሌ፣ ሁለት ወረቀት አጥፈው የራሳቸው ኮፍያ ውስጥ ጣሉ። ዓይናቸውን ወደ ጣራው አንሥተው አንዱን አወጡ።

«ፔንሮዝ።»

ላይ ሰፈሮቹ አጨበጨቡ።  እኔ ጮኼ አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። አባቴም ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ፤ ደረቱ ሲር ሲር አለ። ዘለልኩ፤ እናቴን ልስማት ስል ፊቷን አዞረች። በደስታ የምታለቅስ መሰለኝ።

ሚስተር ፔንሮዝ ላብ በላብ ሆነው መጡ፤ የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አይዞህ አርቮ! ለጥቂት እኮ ነው! ይገርምሃል፣ ያን ዕለት ብርድ ነው ብዬ ልቀር ነበር። ሚስቴ ናት "ተነሥና ራስህን ምረጥ፣ ሰነፍ!" ያለችኝ። ባልሄድ ኖሮ ዛሬ አንተ ነበርክ!»

ሳቁ። ብቻቸውን ሳቁ።

የኛ ሰዎች ሁሉ ወደ አባቴ ዞሩ። ኢምፒ ወንድሟን አየች። «አርቮ» አለች በኛ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ። «አንተስ? አንተ ማንን ነው የመረጥከው?»

አባቴ የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ። ኢምፒ ያ ሁሉ ትዕዛዟ ጠፍቶባት፣ «ወየው ወንድሜን» ብላ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ዕጣ ሲወጣ እንዲህ በዝምታ መቀመጥ ሥርዓቱ መስሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሚስተር ፔንሮዝ የሆነ ነገር እንዳበላሹ ገባቸው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም፤ እስኪሞቱም የነገራቸው የለም። ነገሩን ለማለስለስ ብለው፣ «እንዲያው አርቮ፣ እኔ ቤት የጭስ ማውጫው ታሞብኛል። ጭሱ ወደ መኝታ ቤት ይመለሳል። አንድ ቀን ሲመችህ ብቅ ብትል» አሉ።

«ዛሬ» አለ አባቴ።

«ኧረ አይቸኩልም! ሲመችህ ነው ያልኩህ።»

«ነገ ብርዱ ይጠናል፤ ሲሚንቶ አይይዝም። ዛሬ እመጣለሁ።»

እናቴ አሁን በጣም አርጅታለች፤ እዚያው ሐይቁ ዳር የአረጋውያን ቤት ትኖራለች። ባለፈው ክረምት እግሯን እያሸሁላት ሳለ እንዲሁ ጠየቅኋት፦ «እማዬ፣ ያኔ አልተናደድሽም?»

«ተናድጄ ነበር» አለች። «አሁንም ተናድጃለሁ።»

«በማን?»

«በማን እንደሆነማ ለይቼ ባውቅ ኖሮ እስካሁን ይወጣልኝ ነበር።»

ከዚያ ምርጫ በኋላ አባቴ ሁለት ክረምት ገነባ። ሦስተኛውን አላየም። እኔም በእሱ እናደዳለሁ፤ ስናደድ ደግሞ ወዲያው ይናፍቀኛል፤ ሁለቱን እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

ዕጣው በወጣበት ዕለት ከሰዓት አባቴ ክራባቱን አውልቆ ለታውኖ መለሰና የሥራ ልብሱን ለበሰ። አባቴ ተመልሶ አባቴ ሲሆን ዓይኔ እያየ ነው። ላይ ሰፈር ስንወጣ እናቴም አብራን መጣች፤ እሷ ሥራ ቦታው ሄዳ አታውቅም ነበርና በዓል መሰለኝ። ሐይቁ ከበረዶው ሰማይ ጋር አንድ ሆኖ፣ ምድር የት እንደሚያልቅ አይታይም። ነፋስ የሚባል የለም። የሚስተር ፔንሮዝ ቤት ከከተማው ሁሉ ከፍ ያለ ነው። አባቴ መሰላሉን አስደገፈ፤ ባልዲውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መውጣት ጀመረ። እያንዳንዱ እርከን ላይ ይቆማል። ሐይቁን የሚያይ መሰለኝ።

ጣራው ላይ ሲደርስ የጭስ ማውጫውን አቅፎ ቆመ። ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ከአፉ ይወጣል፤ ከእሱ በላይ ሰማይ ብቻ ነበር። አሮጌ ጡቦቹን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርግ የሲሚንቶ ብናኝ ተነሥቶ ሸፈነው፤ ከውስጡ ነጭ ቅንድቡ ብቅ አለ።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ይታይሃል?»

እጁን አነሣ፤ መዳፉን ዘርግቶ ወደኔ አቆመው። ትንፋሼ እስኪመለስ ቆዪ ማለቱ ነበር። እኔ ሰላምታ መስሎኝ ሁለት እጄን አውለበለብኩለት፣ በረዶው ላይ ዘለልኩ፣ ዞርኩ፣ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እናቴ መሰላሉን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጉንጯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ቆማለች።

«እማዬ፣ አየሽ?» አልኳት። «አልወሰዱብንም!»

«አዎ» አለች፤ «አልወሰዱብንም።» መሰላሉን ግን አለቀቀችም።